ለፕሮጀክት ማናጀሮች በአቅራቢያ የሚዘጋጁ የሙያ መድረኮች፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ፕሮጀክት የሚመሩ ባልደረቦች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የሙያ መድረክ ስል የግማሽ ቀን ስልጠናውን፣ የልምድ ልውውጡን፣ የሳይት ጉብኝቱን፣ ከሥራ በኋላ ቡና እየተጠጣ የሚደረገውን የባለሙያዎች ውይይት ሁሉ ማለቴ ነው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለ። በዚህ ዞን ሥራ የሚመራ ሰው ችግሩን ለብቻው ታቅፎ እንዳይቀመጥ ስለምፈልግ ነው የጻፍኩት።

ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ። ለምን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ እሰበሰባለሁ?

የሙያው አጠቃላይ ዕውቀት በእርግጥ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሥራን መከፋፈል፣ ስጋት መመዝገብ፣ መርሐ ግብር ማውጣት ቤትዎ ተቀምጠው ሊማሩት ይችላሉ፤ ይማሩትም። እዚያ የማያገኙት ይህን አካባቢ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ተነስቶ ጣርማበርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሸዋ ሮቢት ግን ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። አንድ የዞን መሥሪያ ቤት በአንድ በጀት ዓመት ሁለቱም ቦታ ይገነባል። ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ታች ደግሞ ሙቀቱ የኮንክሪቱን ውኃ ቶሎ ያተንነዋል። ወደ እነዋሪና ደነባ ከሄዱ መረሬ አፈር ይጠብቅዎታል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረት ይዞት ይነሳል። የአዲስ አበባውን ዲዛይንና መርሐ ግብር እንዳለ ገልብጦ ለሦስቱም ማዋል አይቻልም።

አንድ ውይይት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አንጋፋ ፎርማን ከሳይት የኮንክሪት ቁራጭ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ረገፈ። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት መሐንዲስ ሲሚንቶው የተበላሸ መስሎት ነበር። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ሲሚንቶው ምንም አልሆነም፤ ሌሊቱ ነው» አለው። አመሻሽ ላይ ተሞልቶ ሳይሸፈን ያደረ ዓምድ ነበር። ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሲሚንቶና ውኃ የሚዋሐዱበት ሂደት እጅግ ይዘገያል። ኮንክሪቱ አቅም ሳያበጅ ውስጡ ያለው ውኃ ከበረደና በረዶ ከሆነ ደግሞ ሲሰፋ ገና ያልጠነከረውን ነገር ይበጣጥሰዋል፤ ያ የጠፋ ጥንካሬ በኋላ ውኃ ቢያጠጡትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከዚያ ውይይቱ ወደ መፍትሔ ሄደ፦ ሙሌቱን ማለዳ ጀምሮ ከቀትር በፊት መጨረስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በላስቲክና በጆንያ መሸፈን፣ በተለይ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ ቀስ ብሎ የሚጠነክር) ሲሚንቶ ከሆነ ፎርምወርኩን፣ ማለትም ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘውን ሳጥን፣ በጥድፊያ አለመንቀል።

የፕሮጀክት ማናጀሩ ትርፍ እዚህ ላይ ነው። ይህን የሰማ ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ የኮንክሪት ሥራ ላይ ተጨማሪ ቀን ይይዛል፤ የላስቲክና የጆንያ ወጪ በጀቱ ውስጥ ያስገባል። ያልሰማው ደግሞ ጥር ላይ ዓምድ ያፈርሳል። የውርጩን ነገር በአጠቃላይ የሚያስተምር ኮርስ ሞልቷል፤ «ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ በዚህ ሰዓት ይጀምራል፣ እኛ እንዲህ አድርገን አለፍነው» የሚልዎት ግን እዚያው የሠራ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ፕሮጀክት ማናጀር ተብዬ አልተቀጠርኩም። የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። ይመለከተኛል?

በደንብ ይመለከትዎታል። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በጀት የተያዘለት፣ በመጨረሻ ተረካቢ ያለው ሥራ በእጅዎ ካለ ፕሮጀክት እየመሩ ነው። ምንጭ ማጎልበትም፣ የጤና ጣቢያ ማስፋፊያም፣ የፋብሪካ ማሽን ተከላም፣ ቆላው ላይ የማሾ ዘር ማሰራጨትም ያው ነው። የእንዲህ ዓይነት መድረክ ጥቅሙም የተለያየ ሰው ሲቀላቀል ነው የሚጎላው። የፋብሪካ ሰው ምርት ሳያቆም ጥገና ማቀድን ያውቃል፣ የግብረ ሰናይ ድርጅት አስተባባሪ ለጋሽ የሚቀበለውን ሪፖርት ያውቃል፣ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ ክፍያ ሲዘገይ ሠራተኛ ይዞ መቆየትን ያውቃል።

ብዙ ጊዜ ምን ይነሳል? ከርዕሱ የማያልፍ ባዶ ወሬ እንዳይሆንብኝ።

የሚነሳው የወቅቱ ራስ ምታት ነው። ለምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በአሮጌ ዋጋ ውል የፈረሙ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ ከውጭ የሚገባው ብረት፣ ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋው ሲንር ልዩነቱን ማን ይሸከማል? መልሱ እንደየውሉ ይለያያል። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ያለው ውል አለ፤ የሌለውም አለ። አንቀጹ ኖሮም በጊዜው በጽሑፍ ባለማሳወቅ ብቻ መብቱን የሚያጣ አለ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) መደበኛ ውል ሥራ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ወይም ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅበትን ምክንያት ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ይህን ነጥብ ከባልደረባው አፍ ሰምቶ በማግሥቱ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ያገኘውን ጥቅም መገመት አይከብድም። ከተማ ውስጥ ያለው መረጃ ብዙ ነው፤ በ28 ቀን ውስጥ ካልደረሰዎት ግን ምን ይረባዎታል?

ሕግ ሲቀየርም እንዲሁ ነው። የፌዴራሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ያወዛግባል፤ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ነው፣ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚሠሩት በክልሉ የግዥ ሕግ ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር ሁለቱንም ሊጫረት ይችላል። የሁለቱን ልዩነት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስረዳ የግዥ ባለሙያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጥዎት ብዙ የጨረታ ሰነድ ከውድቀት ይድናል።

አበል ይከፈላል ወይ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሊወቀስ አይገባም። ከኤፍራታና ግድም ወይም ከመንዝ ተነስቶ የሚመጣ ባለሙያ የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ከደመወዙ ማውጣት የለበትም። የደረሰበት ወጪ መሸፈን አለበት፤ አዘጋጁ ካልቻለ መሥሪያ ቤቱ ይሸፍን።

የሰውን ጊዜ ለመግዛት የሚከፈለው አበል ግን ሌላ ነገር ነው፤ በእኔ እምነት የሙያ መድረኮቻችንን ከምንም በላይ የጎዳው እሱ ነው። አበሉ ወፍራም ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ስልጠናውን ተራ በተራ የሚከፋፈል ጥቅም ያደርገዋል። ስለ ውል አስተዳደር በሚሰጥ ስልጠና ላይ ውል ይዞ የማያውቅ ሰው ይቀመጣል፤ ውሉን የያዘችው ባለሙያ ቢሮ ቀርታ ስልክ ትመልሳለች። የመጣውም ሰው የሚጠብቀው የመፈረሚያውን ሰዓት ነው። አበል የሌለው፣ ምሳና ትራንስፖርት ብቻ የሚሸፈንበት መድረክ ላይ የሚመጣው ሰው ቁጥሩ ያነሰ ነው፤ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን የራሱ ነው። ለከተማው ነዋሪ የግማሽ ቀን ውይይት አበል አያስፈልገውም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ፒኤምፒ (ፒኤምአይ የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም የሚሰጠው የፕሮጀክት ማናጀሮች ማረጋገጫ) አለኝ። እዚህ የተሳተፍኩበት ይቆጠርልኛል?

ይቆጠራል፤ ግን በሥርዓቱ መሠረት መመዝገብ አለብዎት። የፒኤምፒ ባለቤት ማረጋገጫውን ለማደስ በየሦስት ዓመቱ 60 ፒዲዩ (የሙያ ማሻሻያ ነጥብ) ማሟላት ይጠበቅበታል። አንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ነጥብ ነው፤ ከሰዓት ያነሰውም በሩብ ሩብ ይቆጠራል። ከ60ው ቢያንስ 35ቱ ከትምህርት መምጣት አለበት። ትምህርቱም በሦስት ዘርፍ ይከፈላል፦ የአሠራር ዘዴ፣ ሰውን የመምራትና የመግባባት ችሎታ፣ የንግድና የተቋም ዕውቀት። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልጋል። ለሙያው መልሶ በመስጠት የሚገኘው ከ25 አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ በሙያው ተቀጥሮ በመሥራት ብቻ የሚገኘው እስከ 8 ነው። የካፕም (ፒኤምአይ ለጀማሪዎች የሚሰጠው ማረጋገጫ) ባለቤት ከሆኑ የሚጠበቅብዎት በሦስት ዓመት 15 ነጥብ ነው።

አዘጋጁ የፒኤምአይ አጋር ባይሆንም ርዕሱ ከሙያው ጋር የተያያዘ እስከሆነ ድረስ ራስዎ ማስመዝገብ ይችላሉ። የግብዣውን ደብዳቤ፣ የዕለቱን መርሐ ግብርና የተሳትፎ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ለማጣራት ተመርጠው ቢጠየቁ የሚያቀርቡት እሱን ነው። እርስዎ ራስዎ ገለጻ ካቀረቡ ደግሞ ነጥቡ በመልሶ መስጠት በኩል ይገባል። እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ያለው ክፍተት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘርፍ ላይ ነው፤ የአሠራር ዘዴውን ሁሉም ይማራል፣ ሽማግሌ አስቀምጦ የካሳ ክርክር መፍታትን ግን ማንም እንደ ትምህርት አይመዘግበውም። በዚያ ላይ የሚደረግ ውይይት ሁለተኛውን ዘርፍ ይሞላልዎታል።

ማረጋገጫ የለኝም፤ ገና ልፈተን አስባለሁ። እነዚህ መድረኮች ለፈተናው ማመልከቻ ይሆኑኛል?

በጥንቃቄ ይያዙት። ለፒኤምፒ ለማመልከት የሚጠየቀው የ35 ሰዓት መደበኛ የፕሮጀክት አመራር ትምህርት ነው። ተራ ስብሰባና ቡና ላይ የተደረገ ውይይት እዚያ ውስጥ አይገባም፤ የትምህርት ዓላማ፣ አስተማሪና የተቆጠረ ሰዓት ያለው ስልጠና ግን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ስልጠና ሲወስዱ የሰዓቱ ብዛት ሰርተፍኬቱ ላይ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ። «ተሳትፏል» ብቻ የሚል ወረቀት ለማመልከቻ አይረዳዎትም።

በሌላ በኩል ፈተናው የሚጠይቀው ሁኔታ ቀርቦ ውሳኔ እንዲሰጡ ነው፤ ከተለያየ መሥሪያ ቤት ከመጡ ሰዎች ጋር የእውነተኛ ሥራ ችግር ማውጣት ማውረድ የለመደ ሰው በዚህ ይጠቀማል።

አለቃዬ «ሥራ ትተህ ስብሰባ» ይለኛል። ምን ልበለው?

«ልሂድ» ብለው ከጀመሩ መልሱ «አትሂድ» ነው። ጥያቄውን ከመሥሪያ ቤቱ ችግር ይጀምሩ። «ጋሼ፣ የጤና ጣቢያው ጊዜያዊ ርክክብ ቀርቷል፤ የውኃ መስመሩ ያልተያያዘው ለምን እንደሆነ እኛ ብቻችንን አልፈታነውም። ሐሙስ ከሰዓት ተመሳሳይ ችግር የፈቱ ሰዎች ይመጣሉ። ይህን ጥያቄ ይዤ ልሂድ፣ ዓርብ ጠዋት መልሱን በአንድ ገጽ አቀርባለሁ።» እንዲህ ሲባል አለቃው የሚፈቅደው ስብሰባ ሳይሆን ሥራ ነው። ዓርብ ጠዋት ገጹን ማቅረብዎን አይርሱ፤ ሁለተኛውን ፈቃድ የሚያስገኘው እሱ ነው።

ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ከሆኑ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ወጪው ከየትኛው የበጀት ርዕስ ይውጣ የሚል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የሠራተኛ አቅም ግንባታን ከፕሮጀክቱ ዓላማ ጋር አያይዞ በዕቅድ ጊዜ ማስገባት ይሻላል፤ ዓመቱ አጋምሶ «ከየት እናምጣው» ከማለት ያድናል። ከሒሳብ ክፍሉ ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ።

ተፎካካሪዎቼ ፊት ችግሬን ባወራ አልጎዳም?

የጨረታ ዋጋዎን፣ የደንበኛዎን ምስጢርና የሠራተኛን የግል ጉዳይ አያውሩ። በተለይ የጨረታ ዋጋ ላይ መነጋገር ከምስጢርነቱም በላይ የሕግ ጥፋት ነው፤ ተጫራቾች በዋጋ ላይ መመካከራቸውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። አዘጋጁ ይህን በመክፈቻው ላይ ቢናገር ጥሩ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ሊወራ ይችላል፤ ሊወራም ይገባል። የገረጋንቲ ጥራት፣ የክሬን ኪራይ መዘግየት፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የማይመጣበት ሳምንት የሁላችንም ችግር ነው። ተፎካካሪዎ የዓምዱን አሸፋፈን ከእርስዎ ቢማር የሚጎዳዎት ነገር የለም፤ ከእሱ የሚማሩት ግን አለ።

ያለሁት ከደብረ ብርሃን ሩቅ ነው። ለእኔ ያዋጣል?

ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አዘጋጆች ከሚያስቡት በላይ። ከመሐል ሜዳ የሚመጣ ሰው ለግማሽ ቀን ውይይት ሁለት ሌሊት ከቤቱ ውጭ ሊያድር ይችላል። ዓለም ከተማ ያለው ደግሞ በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ መግባት የለመደ ነው፤ ደብረ ብርሃን ለእሱ «የቅርብ» አይደለችም። የመንገዱንም ሁኔታ ሳያጣሩ መነሳት አይገባም፤ የተዘጋ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ምንም አይማርም።

የእኔ ምክር፦ ሩቅ ያላችሁ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሁለት ቀን መድረክ ብቻ ውጡ፣ ለአጭሩ አትልፉ። ያን ጊዜ ስትመጡም ሌላ ጉዳይ አብራችሁ ጨርሱ። ቀሪውን ጊዜ ወረዳችሁ ውስጥ ትንሽ ክበብ ይኑራችሁ። አዘጋጆችም ሁልጊዜ ደብረ ብርሃን ከመጥራት አንዳንዴ ወደ ሰዉ ቢሄዱ መልካም ነው። መንዝ ላይ መድረክ አዘጋጅቶ የጓሳን ጥብቅ ቦታ መጎብኘት ብቻውን ትምህርት ነው፦ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አስተዳደር ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል መሪ ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍቶ እየታጨደ ለትውልድ ያቆየው ነው። ባለድርሻ አካላትን ስለማስተባበር ለሰዓታት ገለጻ ከመስማት፣ ሜዳው ላይ ቆሞ ገበሬው ድንበሩ እንዴት እንደሚጠበቅና ያፈረሰ ምን እንደሚገጥመው ሲናገር መስማት ይበልጣል። ፕሮጀክቱ አልቆ አስተባባሪው ከሄደ በኋላ ሥራው ለምን እንደሚፈርስ ወይም እንደሚቆም የሚገባን እንዲህ ያለ ቦታ ስንቆም ነው።

በየትኛው ወር መሳተፍ ይሻላል?

ሰኔን እርሱት። በጀት የሚዘጋበት ወር ነው፤ ሁሉም ክፍያ ላይ ተጠምዶ ይውላል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ወቅት የወረዳ ግብርና ባለሙያ አይገኝም። ከሁሉ የሚመቸው ሐምሌ አጋማሽና ነሐሴ ነው፦ ዝናቡ የሳይት ሥራ ያቀዘቅዛል፣ አዲሱ በጀት ዓመት ገና ጀምሯል፣ ዕቅድ ሊስተካከል የሚችልበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ የበጋው ግንባታ ከመፋፋሙና ውርጩ ከመምጣቱ በፊት።

ሴት አስተባባሪ ነኝ። ውይይቱ ሁልጊዜ ማታ ነው፤ እንዴት ላድርግ?

አዘጋጆቹን ሰዓቱን እንዲቀይሩ ይጠይቁ፤ ሌሎችም እንደእርስዎ ይፈልጉ ይሆናል፣ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ግን አልተገኘ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብርዱ ራሱ ሰው ያባርራል፤ ባጃጅም ይቀንሳል፤ ልጅ ያላት ሴት ደግሞ ቤት ትጠበቃለች። ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያልቅ ውይይት ሁሉንም ያስተናግዳል። ሌላ የምጨምረው አለ፦ ሴቶችን ለመክፈቻ ንግግርና ለመስተንግዶ ብቻ የሚጠራ መድረክ ሙያዊ አይደለም። የምግብ ዋስትናን፣ የጤናንና የተፈናቃዮችን ድጋፍ ፕሮጀክቶች ከሚመሩት መካከል ጎበዝ ሴቶች አሉ፤ የሠሩትን ራሳቸው ያቅርቡ።

እንዴት ልዘጋጅ? ሄጄ እያጨበጨብኩ መመለስ ሰልችቶኛል።

አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ብቻ። በወረቀት ይጻፉት፣ ከሥሩ ሁኔታውን በሦስት መስመር ያስቀምጡ፦ ሥራው ምንድን ነው፣ የት ላይ ተያዘ፣ እስካሁን ምን ተሞከረ። «ስለ መዘግየት ምን ትላላችሁ» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ስብከት ነው። «የቧንቧ ግዥው ተጠናቋል፣ ቁፋሮው አልቋል፣ ሦስት ገበሬዎች ካሳ አልተከፈለንም ብለው መስመሩ እንዳያልፍ ከልክለዋል፣ ቀበሌው ሁለት ጊዜ አነጋግሯቸዋል» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያንኑ ያሳለፈ ሰው ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣል። ከዚያ ሰው ጎን ሻይ ይጠጡ።

የሥራ ናሙና ይዞ መሄድም ይረዳል። የዋጋ ማስተካከያ ስሌት፣ የሳምንት ሪፖርት ቅጽ፣ የርክክብ ማረጋገጫ ዝርዝር፤ ስምና ቁጥር አጥፍተው ያሳዩ። ሰው ወረቀት አይቶ የሚሰጠው አስተያየት በቃል ሰምቶ ከሚሰጠው የተሻለ ነው። የሌላውንም ቅጽ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠይቁ።

ከተመለሱ በኋላ ባለው ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ። ከሰሙት ውስጥ አንዱን ብቻ መርጠው ሥራ ላይ ያውሉ። ከዚያ ሐሳቡን ለሰጠዎት ሰው ደውለው ውጤቱን ይንገሩት፤ ባይሠራም ይንገሩት። ሰው የሰጠው ምክር የት እንደደረሰ ሲያውቅ ሌላ ጊዜ እርስዎ ሳይደውሉ እሱ ይደውላል። የሙያ ወዳጅነት የሚባለው ከዚህ ነው የሚጀምረው። ስልክ ቁጥር ሰብስቦ ቴሌግራም ላይ የበዓል ምኞት መላላክ ብቻውን ሥራ አያቃናም።

መድረኩ ጊዜዬን የሚገባው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የግብዣ ወረቀቱን ይመልከቱ። የክብር እንግዶች ዝርዝር ከርዕሱ ከረዘመ ይጠንቀቁ። ተናጋሪው ያንን ሥራ በእጁ የሠራ ነው? ለጥያቄና ለውይይት ቢያንስ የጊዜው ግማሽ ተይዟል? የሳይት ወይም የሥራ ናሙና ይታያል? ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ ይሂዱ።

የት እንደሚፈለጉም ልጠቁም። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍሎች፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ የመስክ ቀናት፣ የዞን መምሪያዎች የግምገማ መድረኮች፣ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለሙያዎች ስብስብ፣ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የጋራ ስብሰባ መነሻ ይሆናሉ። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤ ስለሚሄድ መዝገብ ቤት ያለውን ሰው «ለእኔ ክፍል የሚሆን ከመጣ ንገረኝ» ብሎ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

በከተማዬ ምንም መድረክ የለም። እኔ ልጀምረው?

ይጀምሩት። ደብዳቤና በጀት አይጠብቁ። ከአራት መሥሪያ ቤት አምስት ስድስት ሰው ይበቃል፤ ሁሉም ከአንድ ቢሮ ከሆነ ግን ያው የቢሮ ስብሰባ ነው፣ አይጀምሩት። ቀኑን ከገበያ ቀን ያርቁ። ቦታው የወረዳው ትንሿ አዳራሽ ወይም ጸጥ ያለ ምግብ ቤት ይሁን፤ ቡናውን በየተራ ይክፈሉ።

ለመጀመሪያው ቀን ርዕስ ካጡ ርክክብን ይምረጡ። እያንዳንዱ ሰው ባለፈው ዓመት ያስረከበውን አንድ ሥራ ይናገር፦ ጊዜያዊ ርክክቡ ላይ ምን ጉድለት ተመዘገበ፣ ማን አስተካከለው፣ የመጨረሻ ርክክቡ በጊዜው ተደረገ ወይ፣ ለዋስትና ከክፍያ ተቀንሶ የተያዘው ገንዘብ መቼ ተለቀቀ። አንድ ሰው ይጻፍ፤ የጻፈው በማግሥቱ ለሁሉም ይላክ። የሚቀጥለውን ቀንና አቅራቢ ሳይወስኑ አይለያዩ።